ነጭ ክር ባያችሁ ቁጥር መድኃኒት አትርጩ

ደሴ ውስጥ ችግኝ አፍልቼ ነው የምሸጠው። ሰኔ በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ነው፦ «ሥሩ ላይ ሻጋታ አለ፣ ማንኮዜብ ልርጭበት?» ማንኮዜብ የፈንገስ ማጥፊያ መድኃኒት ነው። አሁንስ መልሱን መደጋገም ሰለቸኝ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከሮቢት አንድ የፓቱላ (የፓይን ዛፍ ዓይነት ነው) ችግኝ በፌስታል ይዘው መጡ። «ሌላውን ስልሳውን ጥዬዋለሁ፣ ይቺን እንድታያት ብዬ ነው» አሉኝ። ፕላስቲኩን ቀድጄ አፈሩን አራገፍኩት። ሥሩን ጥጥ የመሰለ ነጭ ክር ከቦታል። የሥሩ ጫፎች ወፈር ብለው እንደ ባላ ለሁለት ተከፍለዋል። የበሰበሰ ሥር እንዲህ አይደለም፤ ይጠቁራል፣ ሳብ ስታደርጉት ልጡ ተሞሽልቆ እጃችሁ ላይ ይቀራል። «አብሽሩ፣ ይሄ በሽታ አይደለም» አልኳቸው። ስልሳ ጤነኛ ችግኝ ግን ተጥሏል። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ያ ነጭ ነገር ማይኮራይዛ ነው። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍራንክ ነው፣ በ1885 እ.ኤ.አ.፤ «የፈንገስ ሥር» እንደማለት ነው። ፈንገሱ ከዛፉ ስኳር ይወስዳል። በምላሹ ሥሩ በማይገባበት ቀጭን ቀዳዳ ሁሉ እየገባ ፎስፎረስና ውሃ ያመጣለታል። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ፓይን ሲተክሉ ችግኙ እየቀጨጨ አስቸግሯቸው ነበር፤ የዳነው ፈንገሱ ያለበት አፈር ሲጨመርለት ነው። የቦርኒዮ ደን ግዙፍ ዛፎችም ብዙዎቹ የሚኖሩት ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ነው። የአማዞን ዛፎች አብዛኞቹ፣ የእኛም ቡና፣ አጋራቸው ሌላ ዓይነት ነው፤ ሥሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚኖር ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ጓሮ ቡና ያላችሁ፣ ክሩን ስላላያችሁ የለም ማለት አይደለም።

«የጅብ ጥላውን ነቀልኩት፣ ፈንገሱ ጠፋ» የሚሉም አሉ። የነቀላችሁት ፍሬውን ነው፤ ፈንገሱ ራሱ አፈር ውስጥ ነው ያለው።

«ጥቅጥቅ ያለ ደን የበቀለበት አፈር ለም ነው»ስ? የአማዞን አፈር አብዛኛው ዘመናት ዝናብ ያጠበው፣ ፎስፎረስ ያነሰው ነው። ሀብቱ ያለው ዛፎቹ ላይና ከላይ በሚረግፈው ቅጠል ውስጥ ነው። ቅጠሉ ሲበሰብስ ሥርና ፈንገስ ተሻምተው መልሰው ይወስዱታል፣ ጎርፍ ሳይቀድማቸው። ደኑን መንጥረው አቃጥለው ሲዘሩበት አመዱ ጥቂት ዓመት ያበላና ምርቱ ይወርዳል።

ዛፎች በፈንገስ ክር ይነጋገራሉ፣ እናት ዛፍ ልጆቿን ትመግባለች የሚለውንም በየስልካችሁ ትቀባበሉታላችሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ጥናቶቹን መልሰው ሲፈትሹ፣ ጫካ ውስጥ ለዚህ የተገኘው ማስረጃ የሚወራውን ያህል አይደለም ብለዋል። ፈንገሱና ዛፉ መረዳዳታቸው ግን የተረጋገጠ ነው።

ፎስፎረስ ያለበትን ማዳበሪያ፣ ዳፕን፣ ባበዛሁ ቁጥር ይሻላል የምትሉ ደግሞ፣ ፎስፎረስ የጠገበ ተክል ለፈንገሱ ስኳር መስጠቱን ይቀንሳል፣ አጋሩም ይሳሳል። ይልቅ አፈር ስትቀላቅሉ፣ ለፓቱላ ከትልቅ ፓቱላ ሥር፣ ለቡና ከቆየ ቡና ሥር እፍኝ እፍኝ አፈር ጨምሩ። ዛፉ የታመመ ከሆነ ግን ከሥሩ አትውሰዱ።