ሆድ ጨፍልቆ ወገብ ማዳን? ስለ ሶአስ ማሳጅ የሚወራው እና እውነታው

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወገቡን የሚያመው ሰው መጥቶ በተደጋጋሚ የሚለኝ ነገር «ሶአሴ ተኮማትሮ ነው፣ ሳታዝኚ ጨፍልቀሽ ፍቺልኝ» ነው። ሆድን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ እየተጫኑ ሶአስ የሚባለውን ጡንቻ «የሚፈታ» ማሳጅ ቪዲዮ ላይ አይቶ ነው። መስማቱ ሰልችቶኛል፣ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ሶአስ ከወገብ አጥንቶች ግራና ቀኝ ተነስቶ፣ ኢሊያከስ ከሚባለው የዳሌ ጡንቻ ጋር ተገናኝቶ፣ በብሽሽት በኩል ወርዶ ጭን አጥንት ላይ የሚያርፍ ጡንቻ ነው። ጉልበታችንን ወደ ደረት የምናነሳው በነሱ ነው።

«ቁጭ ብሎ መዋል ሶአሴን አሳጥሮት ነው የሚያመኝ።» ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሰሩትንም እኮ ያማቸዋል። አብዛኛው የወገብ ህመም ይሄ ጡንቻ ነው ያ ዲስክ ነው ተብሎ አንድ ጥፋተኛ አይገኝለትም።

«ማሳጅ ጡንቻውን ያስረዝመዋል።» አያስረዝመውም። ከአልጋው ስትነሱ የሚሰማችሁ መላላት ነርቮቻችሁ ለጊዜው ረገብ ስላሉ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፣ «ካላመመ አይሰራም፣ ሲጫኑት ካመመ ደግሞ ችግሩ እዛው ነው» የሚሉት። ሆዱን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ከገፉት ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰውም ያመዋል፣ ምክንያቱም ጣቱ ሶአስ ጋ ለመድረስ የሆድ ግድግዳውንና አንጀቱን ማለፍ አለበት፣ እዛው ደግሞ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደው ቱቦ አለ፣ ወደ እግር የሚሄዱት ነርቮች ጡንቻውን ራሱን ሰንጥቀው ነው የሚወጡት። ሲያማችሁ ሆዳችሁ ይጠነክራል፣ ሲጠነክር አሺው የባሰ ይጫናል፣ በዚህ መሀል የሚፈታ ነገር የለም!

አንድ ሰውዬ እምብርቱ አጠገብ ሁለት ቦታ በልዞ መጣ። ጣቴን ይዞ አስነካኝና «ይመታል አይደል? ቋጠሮው እሱ ነው ተብያለሁ» አለኝ። የሚመታው አኦርታው ነበር፣ የሰውነታችን ትልቁ የደም ቧንቧ። ቋጠሮ አይመታም! ሶስቴ ተጨፍልቋል፣ ወገቡ ግን ያው ነው። በየቀኑ የእግር ጉዞ አስጀመርኩት፣ ቀስ እያልን ክብደት ማንሳት ጨመርን፣ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ።

ማሳጅ ተዉ እያልኩ አይደለም። የአሜሪካ ሀኪሞች ኮሌጅ (የውስጥ ደዌ ሀኪሞች ማህበር ነው) በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዲስ የወገብ ህመም ሙቀትንና ማሳጅን ጠቅሷል፣ ሶስት ወር ላለፈው ግን ከቀዳሚዎቹ ምክሮች አንዱ ስፖርት ነው። የምትታሹ ከሆነ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ በጎን ተኙ፣ ከዳሌ አጥንቱ ውስጠኛ ጠርዝ ይጀመር፣ አየር ስታስወጡ ብቻ ቀስ ብሎ ይግባ፣ ህመሙ ከ10 ከ4 አይለፍ። ከጣት ስር የሚመታ ነገር ካለ ወይ ጭናችሁ ከፊት ከነዘራችሁ ወዲያው ይቁም። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የአኦርታ ማበጥ ያለበት ሰው ሆዱን በጥልቀት አያሳሽ።

ከወገብ ህመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይ ያለምክንያት መክሳት ካለ ማሳጁን ትታችሁ ሀኪም ጋ ሂዱ። መቀመጫችሁ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይ ካመለጣችሁ፣ እግራችሁ ከከዳችሁ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቡ።