የፓሲፊክ ደሴቶች የወቅት ሠራተኞች በኒውዚላንድ

ኒውዚላንድ የፓሲፊክ ደሴቶችን ሰዎች ለፍራፍሬና ለወይን እርሻ የምታስመጣበትን መርሐ ግብር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አምራቾቹ በመልቀሚያ ወቅት ሰው ያጣሉ፤ ደሴቶቹ ላይ ደግሞ ደመወዝ ያለው ሥራ ጥቂት ነው። በ5,000 ሰው የተጀመረው ዓመታዊ ኮታ እ.ኤ.አ. በ2022 እስከ 19,000 ደረሰ። አብዛኞቹ ከቫኑዋቱ፣ ከሳሞአና ከቶንጋ ይመጣሉ።

አሠሪው መጀመሪያ ከመንግሥት እውቅና ያወጣል፤ ከዚያ የአገሩን ሰው ፈልጎ ማጣቱን አሳይቶ የቅጥር ፈቃድ ያገኛል። ሠራተኛው 18 ዓመት የሞላውና ጤነኛ መሆን አለበት። ቪዛው በ11 ወር ውስጥ 7 ወር ያሠራል፤ መንገዱ ለሚርቃቸው ለኪሪባቲና ለቱቫሉ ሰዎች ግን 9 ወር ነው። ሚስትና ልጅ ማምጣት አይቻልም።

ሒሳቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የደርሶ መልስ ትኬቱን ግማሽ አሠሪው ይችላል፤ ሌላው ግማሽ ብዙ ጊዜ በብድር ተከፍሎ ከደመወዝ ይቆረጣል። የቤት ኪራዩ፣ የጤና መድኑና የማመላለሻ መኪናው ተቀናሽ ሲጨመር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለቤተሰብ የሚላክ እምብዛም አይተርፍም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት ከሰዓት ክፍያው ይልቅ የተቀናሹ ዝርዝር ነው።

ሥራውም ጉልበት ብቻ አይደለም። ሆክስ ቤይ በሚባለው የኒውዚላንድ ፖም አብቃይ አካባቢ ፍሬ የሚለቅመው ሰው ደረቱ ላይ ከረጢት ታጥቆ መሰላል ይወጣል፤ ፍሬውን ከነመንጠልጠያ ዘንጉ ጠምዝዞ ያወርዳል፣ ከረጢቱንም ቀስ ብሎ ትልቁ ሣጥን ውስጥ ያራግፋል። የተላላጠ ወይም የተቀጠቀጠ ፍሬ ለውጭ ገበያ አይሆንም። ክፍያው በሣጥን ሲሆን ጀማሪው ይቸኩላል፣ ፍሬውም ይጎዳል። የኪዊ ፍሬ ደግሞ እርጥብ ሆኖ አይለቀምም፤ ዝናብ ከጣለ ቀኑ ባዶ ነው።

ጥቅሙ በቤት ይታያል። በቶንጋና በቫኑዋቱ የተደረገ ጥናት የተሳታፊ ቤተሰቦች ገቢ ከ30 በመቶ በላይ ማደጉን አሳይቷል፤ ገንዘቡ ለቤት ማሻሻያና ለትምህርት ቤት ክፍያ ይውላል። በአንጻሩ የጓሮ እርሻውና ሽማግሌዎችን መንከባከቡ በሴቶች ጫንቃ ላይ ይወድቃሉ። የሠለጠነው የሆቴል ምግብ አብሳይም ፖም ለቀማው የተሻለ ስለሚከፍለው ምድጃውን ትቶ ይሄዳል።

ትልቁ ችግር ቪዛው በአንድ አሠሪ ስም መሰጠቱ ነው። ሠራተኛው መኝታው ቢጠብ ወይም ተቀናሹ ቢበዛበት ጎረቤት እርሻ ሄዶ መቀጠር አይችልም። አቤት ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ወቅት ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል ብሎ ይፈራል።