የፍራፍሬ ዝርያ አሻሻዮችና የሚሰጣቸው ክብር

የፍራፍሬ ዝርያ ማሻሻል ዕድሜ የሚበላ ሙያ ነው። የስንዴ ተመራማሪ በየዓመቱ አዝመራውን ያያል። የአፕል ተመራማሪ ግን ሁለት ዛፎችን አዳቅሎ ያገኘውን ዘር ከዘራ በኋላ የመጀመሪያዋን ፍሬ ለመቅመስ ብዙ ጊዜ ከአምስት ዓመት በላይ ይጠብቃል። ከችግኞቹም አብዛኞቹ ተነቅለው ይጣላሉ። የተረፉት ጥቂቶቹ ቅርንጫፋቸው እየተቆረጠ በሌላ ግንድ ላይ ተጣብቆ ይባዛሉ፤ ከዚያም በተለያየ አፈርና አየር ለዓመታት ይፈተናሉ። በዚህ ሙያ ሽልማት አብዛኛውን ጊዜ በጡረታ ዋዜማ፣ አንዳንዴም ከሞት በኋላ የሚመጣው ስለዚህ ነው።

ሃኒክሪስፕ የተባለው አፕል ጥሩ ማሳያ ነው። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያዳቀለው በ1960 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ለአልሚዎች የተለቀቀው ደግሞ በ1991 ነው። 31 ዓመት የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ዘመን በመሆኑ፣ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ መለየት ያስቸግራል። ያዳቀለውና የለቀቀው አንድ ሰው አይደለም። በመካከሉ ደግሞ ዛፉ እንዲወገድ ተወስኖበት ነበር፤ ከመጣል ያዳነው ዴቪድ ቤድፎርድ የተባለ ተመራማሪ ነው። በመዝገብ ወላጆቹ ማካውንና ሃኒጎልድ ተብለው ሰፍረው ቢቆዩም፣ የዘረመል ምርመራ መዝገቡ መሳሳቱን አሳይቶ አንዱን ወላጅ ኪፕሴክ ብሎታል። የፍሬው ወላጆች እንኳ እንዲህ ከተምታቱ፣ የሰዎቹ ድርሻ ቢደበዝዝ አያስገርምም።

ለሙያው የቆየ ሽልማት ከሚሰጡት መካከል በ1848 የተቋቋመው የአሜሪካ ፖሞሎጂ (የፍራፍሬ ጥናት) ማኅበር ይገኛል። በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በማርሻል ዋይልደር ስም የተሰየመው ሜዳሊያ ከ1873 ጀምሮ ይሰጣል፤ መልካም ዝርያ አፍልቀው ለሕዝብ ላደረሱ ሰዎችም ልዩ ግምት አለው።

ከሜዳሊያ ይልቅ የሚዘልቀው ግን በፍሬ ላይ የሚቀር ስም ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ይህም የራሱ ምጸት አለው። በምዕራብ አውስትራሊያ ጆን ክሪፕስ በ1973 ጎልደን ዴሊሽየስን ከሌዲ ዊልያምስ ጋር አዳቅሎ ያገኘው አፕል ይፋዊ ስሙ ክሪፕስ ፒንክ ነው። ሸማቹ የሚያውቀው ግን ፒንክ ሌዲ በሚለው የንግድ ምልክት ነው፤ የጥራት ደረጃውን ያላሟላ ፍሬ በዚህ ምልክት አይሸጥም። የአዳቃዩ ስም በሰነድ፣ የነጋዴው ስም በመደርደሪያ ቀረ።

አሜሪካዊው የዕፅዋት አዳቃይ ሉተር በርባንክ በሕይወት ሳለ ዝናን አላጣም፤ የልደት ቀኑ ማርች 7 በካሊፎርኒያ የዛፍ ቀን ሆኖ ይከበራል። ያጣው የሕግ ከለላ ነው። ሳንታ ሮዛ የተባለውን ፕለም ጨምሮ በርካታ ዝርያዎች ቢያወጣም፣ የፈለገ ሰው ቅርንጫፍ ቆርጦ ማባዛት ይችል ነበር። አሜሪካ ለዕፅዋት የፈጠራ ባለቤትነት መብት የሚሰጥ ሕግ ያወጣችው በ1930፣ እሱ ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። መብቶቹም በስሙ የተመዘገቡት ከሞቱ በኋላ ነበር።

ክብር ሲበዛም አደጋ አለው። ሩሲያዊው የፍራፍሬ አዳቃይ ኢቫን ሚቹሪን በ1935 ከመሞቱ በፊት የሚኖርባት የኮዝሎቭ ከተማ ሚቹሪንስክ ተብላለች። በኋላ የሶቪየት የግብርና ባለሙያው ትሮፊም ሊሴንኮ ይህንኑ ስም እንደ ባንዲራ አንግቦ የዘረመል ሊቃውንትን አሳደደበት። ለዚህ ሟቹ አዳቃይ ተጠያቂ አይደለም፤ ሰውን ታቦት ያደረጉት ሌሎች ናቸው።

እኔ የምወደው ትንንሽ ሰማያዊ ፍሬ የሚያፈራውን የብሉቤሪን ታሪክ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባልደረባ ፍሬደሪክ ኮቪል ተክሉ አሲዳማ አፈር እንደሚፈልግ በ1910 አሳተመ። ይህን ያነበበችው የኒው ጀርሲ ገበሬ ልጅ ኤልዛቤት ዋይት ወደ ቤተሰቧ እርሻ ጋበዘችው። እሷም በጫካ ፍሬ የሚለቅሙ የአካባቢውን ሰዎች ትልልቅ ፍሬ ያላቸውን ቁጥቋጦዎች እንዲያሳዩዋት መጠን መለኪያ ሰጥታ በክፍያ አሰማራች፤ የተገኘውንም ቁጥቋጦ ባገኘው ሰው ስም ትሰይም ነበር። በ1916 የመጀመሪያው ምርት ለገበያ ቀረበ። ሩብ ሊክ የተባለ ሰው ያገኘው ቁጥቋጦ ግን አስቸገራት፤ በእንግሊዝኛ ባላገር የሚል ትርጉም ያለው ሩብ ለተከበረ ተክል የማይመጥን ሆኖ ታያት፣ የሽንኩርት ዘመድ የሆነ አትክልት ስም የሆነው ሊክ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተታት። ከአባቱ ስም አንዲት ፊደል ወስዳ በራሱ ስም ላይ ጨመረችና ሩብል አለችው። ሩብል የተባለው ብሉቤሪ ዛሬም ይለማል።