በቂ መኖሪያ ቤት የማግኘት መብት ምንድን ነው?

በቂ መኖሪያ ቤት የማግኘት መብት ማለት ማንኛውም ሰው፣ ባለቤትም ይሁን ተከራይ፣ በሰላም፣ ያለ ስጋትና በክብር የሚኖርበት ስፍራ የማግኘት፣ ካገኘውም በኋላ ሕግን ባልተከተለ መንገድ ያለመነሳት መብት ነው። ስለዚህ መብት ሲነገር ብዙ ሰው መንግሥት ለዜጋው ሁሉ ቤት ሠርቶ ቁልፍ ማስረከብ አለበት የሚል ሐሳብ ይመጣበታል፤ ይህን ደግሞ ድሃ አገር ሊያደርገው ስለማይችል መብቱ ከወረቀት አያልፍም ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን መብቱ ሁለት ዓይነት ግዴታ ይዟል። ቤት መሥራትና ማስፋፋት ገንዘብ ስለሚጠይቅ እንደ አገር አቅም ቀስ በቀስ የሚፈጸም ነው። ሰውን ከሚኖርበት ቤት በዘፈቀደ አለማንሳት ግን የሚጠይቀው ሥርዓትንና ሕግ አክባሪነትን በመሆኑ ዛሬውኑ መከበር ይችላል፤ የአቅም ማነስም ለዚህኛው ግዴታ ሰበብ ሊሆን አይችልም።

የመብቱ ዓለም አቀፍ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ አንቀጽ 25 እና እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 ነው። ኢትዮጵያ ይህን ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላዋለች፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕጓ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። ስለዚህ መብቱ ከውጭ የመጣ ምክር ሳይሆን የአገሪቱ የራሷ ሕግ ነው።

የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው 4ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ አንድ ቤት በቂ የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ እንደሆነ ዘርዝሯል። የውኃ፣ የመጸዳጃና የመሳሰሉት አገልግሎቶች መኖር፣ ወጪው ከነዋሪው ገቢ ጋር መመጣጠኑ፣ ቤቱ ከብርድ፣ ከዝናብና ከበሽታ የሚከልል መሆኑ፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽነቱ፣ እንዲሁም ከነዋሪው ባህል ጋር መስማማቱ ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። የሰፈር መነሳትን ለመረዳት ግን ቀሪዎቹ ሁለቱ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈልጋሉ። አንደኛው የይዞታ ዋስትና ነው፤ ማለትም ነዋሪው በግል ባለቤትነትም ይሁን በኪራይ፣ ካርታ ይኑረውም አይኑረው፣ ከግዳጅ መነሳት፣ ከማስፈራራትና ከማዋከብ የሚጠብቀው የሕግ ከለላ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ቤቱ ነዋሪው ሥራ ከሚያገኝበት፣ ልጆቹ ከሚማሩበትና ከሚታከምበት ስፍራ የማያርቀው ሊሆን ይገባል።

ይህ በአዲስ አበባ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ወደ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው በቀበሌ ሥር፣ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ተዳደሩ። በልደታ፣ በካዛንቺስ፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በሌሎች የመሐል ከተማ ሰፈሮች ለብዙ አሥርተ ዓመታት እጅግ ዝቅተኛ ኪራይ እየከፈለ የኖረው ሕዝብ በአብዛኛው የእነዚህ የቀበሌ ቤቶች ነዋሪ ነበር። ቤቶቹ የጭቃ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ነዋሪዎች መጸዳጃ በጋራ ይጠቀሙ ነበር፤ ነዋሪው የቤቱ ባለቤት ስላልነበረ፣ ቀበሌውም ለጥገና የሚበቃ ገቢ ስላልነበረው፣ ጣሪያውም ግድግዳውም በእርጅና ተጎዳ። በአንጻሩ የቤቱ ነዋሪ እንጀራ የሚሸጥበት፣ ጉሊት የሚዘረጋበት፣ ልብስ አጥቦ ወይም ዕቃ ተሸክሞ የሚያድርበት ገበያ በእግር የሚደረስ ነበር።

ስለዚህ እነዚህ ሰፈሮች በአንዱ መመዘኛ ሲወድቁ በሌላው ያልፉ ነበር። የከተማ አስተዳደሮች በየዘመኑ መልሶ ማልማትን ሲያስረዱ የሚያነሡት የቤቶቹን እርጅና ነው፤ ይህም እውነት ነው፤ በፈረሰ ጣሪያ ሥር መኖር ክብር ነው የሚል ሰው ሊኖር አይገባም። ሆኖም የሰባቱ መመዘኛዎች ዝርዝር አንዱን አሟልቶ ሌላውን መሻርን አይፈቅድም። ከካዛንቺስ ወይም ከፒያሳ ተነሥቶ እንደ ገላን ጉራና አራብሳ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች የተዛወረ ቤተሰብ የተሻለ ግድግዳና የራሱ መጸዳጃ ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚከፍለው የትራንስፖርት ወጪ ከገቢው ላይ ሲቀነስ፣ የጉሊት ደንበኞቹ ሲበተኑ፣ ለቀብርም ለችግርም ሲደርስለት የኖረው እድር ሲፈርስ፣ ያጣው ነገር በካሬ ሜትር ተለክቶ በሚከፈል ካሳ ውስጥ አይታይም። የመፈናቀል ዋናው ጉዳትም ይህ ይመስለኛል፤ ድሃ ቤተሰብ ሀብቱ በአብዛኛው ከቤቱ ውጭ፣ በጎረቤቱና በሰፈሩ ዘንድ የተቀመጠ ነውና።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ፈጽሞ አላየውም ማለት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44(2) በመንግሥት ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት፣ በበቂ የመንግሥት እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዛወርንም የመጨመር፣ መብት እንዳላቸው ይናገራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ድንጋጌው «ባለይዞታዎች» አለማለቱ ነው፤ ኑሮው የተነካበት ሁሉ በውስጡ ይገባል። አንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ፖሊሲዎች ሁሉ ዜጎችን የመኖሪያ ቤት ተጠቃሚ ለማድረግ ያለሙ እንዲሆኑ ያዛል።

መሬትን ለሕዝብ ጥቅም ስለ ማስለቀቅና ስለ ካሳ ዝርዝሩን የያዘው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ከቀደመው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በብዙ ነገር የተሻለ ነበር። ቦታው በፕላኑ መሠረት እንዲለማ ሲፈለግ ባለይዞታው ራሱ በግሉ ወይም ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ የማልማት ቅድሚያ እንዲኖረው ደንግጓል፤ ተነሺዎች ስለ ልማቱ ዓይነትና ጥቅም ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ ጠይቋል፤ ከንብረት ካሳ በተጨማሪም ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቡና ጉዳት የሚከፈል ካሳ አስገብቷል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሰፈር ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ሕግ በግልጽ የተቀበለበት በመሆኑ ሊደነቅ ይገባዋል። ነገር ግን አዋጁ በዋናነት የሚጠብቀው ባለይዞታውን ነው። በአዲስ አበባ አሠራር የቀበሌ ቤት ውል ያለው ሰው ኮንዶሚኒየም የመግዛት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት የመከራየት አማራጭ ይሰጠዋል። በዚያው ግቢ ለዓመታት በደባልነት የኖረው፣ ከግለሰብ አንድ ክፍል ተከራይቶ ልጅ ያሳደገው፣ ጨረቃ ቤት ሠርቶ የገባው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የተነሺዎች መዝገብ ላይ ስሙ አይገኝም። ቅድመ ክፍያውን መክፈል ያልቻለ ነዋሪም አማራጩ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀርለታል። መብቱ የሚጠብቀው ኗሪውን እንጂ የውል ወረቀቱን ብቻ ስላልሆነ፣ ሕጉና መብቱ የሚለያዩት በትክክል እዚህ ቦታ ላይ ነው።

በዓለም አቀፍ ሕግ «በግዳጅ ማፈናቀል» የሚባለው ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው፣ ተገቢ የሕግ ጥበቃ ሳይሰጣቸውና ጥበቃውን ማግኘት ሳይችሉ፣ ከቤታቸው ወይም ከመሬታቸው ለጊዜውም ሆነ ለዘለቄታው ማንሳት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው 7ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ መነሳቱ የማይቀር በሚሆንበት ጊዜ እንኳ መሟላት ያለባቸውን ነገሮች አስቀምጧል። ከነዋሪው ጋር እውነተኛ ምክክር ይደረጋል፤ በቂ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ቦታው ለምን እንደሚፈለግ ይነገራል፤ አፍራሾቹ ማን እንደሆኑ ይታወቃል፤ ነዋሪው አቤት የሚልበት ፍርድ ቤትና የሚያግዘው የሕግ ድጋፍ ይኖራል፤ ማንም ሰው በመነሳቱ ምክንያት ቤት አልባ መሆን የለበትም። በልማት ምክንያት ስለሚደረግ መፈናቀል እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረቡት የተባበሩት መንግሥታት መርሆዎች ደግሞ በሌሊት፣ በክፉ አየር፣ በበዓላት፣ ከምርጫ በፊት፣ እንዲሁም በትምህርት ቤት ፈተና ሰሞን ማንሳትን ይከለክላሉ። ልጁን ለፈተና እያዘጋጀ ሳለ ቤቱ ላይ ቀይ ምልክት የተቀባበት ወላጅ ይህ ክልከላ ለምን እንደተጻፈ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2023 በሸገር ከተማ የተካሄደውን የቤቶች ማፍረስ በእነዚህ ዓይነት መመዘኛዎች መዝኖ የሰብአዊ መብት መርሆዎችን ያልተከተለ ሆኖ እንዳገኘው በይፋ ገልጿል።

የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ስለ መኖሪያ ቤት በስም ባይናገርም፣ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የአፍሪካ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 በናይጄሪያ የኦጎኒ ሕዝብ ጉዳይ ላይ ሲወስን የንብረት፣ የጤናና የቤተሰብ ጥበቃ ድንጋጌዎች አንድ ላይ ሲነበቡ የመጠለያ መብትን ይሰጣሉ ብሏል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው የደቡብ አፍሪካ ልምድ ነው። የዚያች አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ፍርድ ቤት ሁኔታዎችን ሁሉ መርምሮ ካላዘዘ በቀር ማንም ከቤቱ እንዳይነሳ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኬፕ ታውን አቅራቢያ ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች በተያዘ የግል ቦታ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ጎጇቸው ፈርሶ ንብረታቸው ተቃጥሎ በአንድ የስፖርት ሜዳ ላይ በዝናብ ተጠለሉ። አይሪን ግሩትቡም የተባለች እናት ስሟን ለክሱ ሰጠች፤ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. የመንግሥት የቤት ፕሮግራም አጣዳፊ ችግር ላይ ላሉት ምንም መላ ያላበጀ በመሆኑ ምክንያታዊ አይደለም ሲል ፈረደ። ፍርዱ በመላው ዓለም የሕግ ተማሪዎች ያነቡታል። ግሩትቡም ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ያረፈችው ቋሚ ቤት ሳታገኝ፣ በጎጆ እየኖረች ነው። ይህን የማነሣው ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም፤ ከእርሷ በኋላ በደቡብ አፍሪካ አንድ የከተማ አስተዳደር ሰዎችን ሲያስነሣ ወዴት ይሄዳሉ የሚለውን ጥያቄ በፍርድ ቤት ፊት መመለስ ግድ ሆኖበታል። ፍርዱን ወደ ጣሪያና ግድግዳ የሚለውጠው ግን ከፍርዱ በኋላም ሳይበተን የሚከታተል የተደራጀ ነዋሪ ነው።

መፈናቀል ሁልጊዜ በቡልዶዘር አይመጣም፤ በኪራይ ጭማሪም ይመጣል። በዋሽንግተን ዲሲ በሾው፣ በዩ ስትሪትና በአዳምስ ሞርጋን አካባቢ ለዓመታት የኖሩና የሠሩ ኢትዮጵያውያን ይህን በሚገባ ያውቁታል። በዚያች ከተማ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ፣ ሕንጻ ሲሸጥ ተከራዮቹ ቀድመው የመግዛት ዕድል እንዲኖራቸው ያደርጋል፤ አምስትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ባለው ሕንጻ መብቱን ለመጠቀም ተከራዮቹ ማኅበር ማቋቋም አለባቸው። ባለፉት ዓመታት ከሕጉ እንዲወጡ የተደረጉ ቤቶች ቢኖሩም፣ ሐሳቡ ጠቃሚ ነው፤ ተከራይን ከውሳኔው ውጭ ያለ እንግዳ ሳይሆን በውሳኔው ውስጥ ድርሻ ያለው ወገን ያደርገዋል። በኢትዮጵያም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ እንዳይደረግና ጭማሪም በሚወሰን ጣሪያ እንዲሆን በማለት ለግል ተከራይ የይዞታ ዋስትና ሰጥቷል።

ሰፈሩ በፕላን ውስጥ መግባቱን የሰማ ነዋሪ መብቱን ለማስከበር የሚጀምረው አፍራሽ ማሽኖቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። የኪራይ ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የእድር መዝገብ በዚያ ቤት መኖርን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ናቸው፤ ከሁሉም አስቀድሞ የሚያስፈልገው ደግሞ ደባሉንና ተከራዩን ሳይለይ የሰፈሩን ነዋሪ ሁሉ በራስ የመመዝገብ ሥራ ነው። ይህን መዝገብ ይዞ የሚቀርብ ኮሚቴ በአስተዳደሩ ዝርዝር የተዘለሉትን ሰዎች ለይቶ ማሳየት፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የማስለቀቂያ ትእዛዙ በደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት፣ ጉዳዩንም ወደ ይግባኝና ወደ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መውሰድ ይችላል። በምክክሩ ስብሰባ ላይም የካሳውን መጠን ብቻ ሳይሆን በሰፈሩ ከሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ለቀድሞ ነዋሪዎች ስንቱ እንደተያዘ፣ የሚዛወሩበት ቦታ ትምህርት ቤትና ትራንስፖርት ከመነሳታቸው በፊት ተዘጋጅቶ እንደሆነ ጠይቆ መልሱ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግ መብቱ ነው።