ቫይታሚን ሲ ሴረም ምንድን ነው? (ሎሚ አይደለም)

ቫይታሚን ሲ ሴረም ፊት ላይ የሚቀባ፣ ቫይታሚን ሲ በብዛት ያለበት ቀጭን ፈሳሽ ነው። «ሎሚም ቫይታሚን ሲ፣ ሴረሙም ቫይታሚን ሲ፤ ምን ብር ያስወጣል?» እያለች ሎሚ ፊት ላይ የምታስቀባዋ ምክር አሁንም እየዞረች ነው። እስቲ እናስላው። በ100 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ በመቶኛ 0.04 ቢደርስ ነው። የሴረም መጠን ግን ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። በትንሹ 250 እጥፍ! ሎሚ መቀባት ጀበና ሙሉ ውሃ ውስጥ ሁለት ፍሬ ቡና ጥሎ «አቦል ጠጣሁ» እንደማለት ነው።

ጀበናው ውስጥ ያለውም ውሃ ቢሆን ደግ ነበር። የሎሚ ጭማቂ 5 በመቶ ገደማ ሲትሪክ አሲድ አለው፤ ኮምጣጤ በሉት። «ሴረሙስ አሲድ አይደል?» ይሉኛል። ነው። ንጹሕ ቫይታሚን ሲ (አስኮርቢክ አሲድ) ቆዳን ዘልቆ እንዲገባ ፒ ኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ3.5 በታች መሆን አለበት። የሎሚ ግን 2 ገደማ ነው፤ ፒ ኤች በ1 ሲወርድ አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። ከዚህ የሚብሰው ፉራኖኩማሪን ነው። ይህ የሎሚ ንጥረ ነገር፣ በተለይ ልጣጩ ላይ ያለው፣ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። መቅላቱና ውኃ መቋጠሩ የሚታየው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ስለሆነ ሎሚውን የሚጠረጥር የለም። በጠይም ቆዳ ላይ ጥቁረቱ ለወራት ይቆያል። ማድያት ለማጥፋት ተቀብቶ ሌላ ማድያት መሰል ነገር ማትረፍ ማለት ይህ ነው።

ሴረሙን ጠዋት፣ ታጥቦ በደረቀ ፊት ላይ፣ 4 ወይም 5 ጠብታ ቀቡ። ሲመጥ ኤስ ፒ ኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ደርቡበት። ከ20 በመቶ በላይ የሆነው ያስቆጣል እንጂ የተሻለ አይሠራም። ጠርሙሱ ብርሃን የማያስገባ ይሁን፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ ሆኖ የሱቅ መስታወት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የከረመውን አትግዙ። የቡናው ምሳሌ እዚህ ላይ ይገለበጣል፦ ሴረሙ ቡና ቡና ሲመስል ተበላሽቷል፣ ይጣል።

ለውጡን ለማየት 3 ወር ያህል ታገሡ። በሳምንት ፊት የሚያቀላ «የቫይታሚን ሲ ክሬም» ካጋጠማችሁ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ (ኃይለኛ የቆዳ መድኃኒት) ተቀላቅሎበት እንዳይሆን ጠርጥሩ። ለረጅም ጊዜ የተቀባችሁት ከሆነ ደግሞ በድንገት ማቆሙም ፊትን ያስቆጣልና መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው።