በሰሜን ባሕር ሥር የተቀበሩ ሸለቆዎች

ሰሜን ባሕር በእንግሊዝ፣ በኖርዌይ እና በዴንማርክ መካከል ተንጣሎ የተኛ ባሕር ነው። አማካይ ጥልቀቱ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ወለሉም አብዛኛው ሜዳ ነው። ጉዱ ያለው ከወለሉ ሥር ነው።

ጉዱን ያወጣው ድምፅ ነው። አንዲት መርከብ የታመቀ አየር በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ ትለቃለች። ድምፁ ቁልቁል ወርዶ፣ የአፈሩ ዓይነት በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ከፊሉ ይመለሳል። ከመርከቧ ኋላ በሚጎተት ረጅም ገመድ ላይ የተደረደሩ መቀበያዎች ማሚቶውን ይይዛሉ። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ማሚቶው በ0.1 ሰከንድ ከመጣ ደርሶ መልሱ 150 ሜትር ነው፤ ወለሉ 75 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ይህ እየተደጋገመ ሲመዘገብ ምድሪቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርጣ ትታያለች። ሴይስሚክ ቅኝት የሚባለው ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሁሉ ገንዘብ በአብዛኛው የፈሰሰው ለነዳጅ ፍለጋ ነበር። ነዳጁ ያለው እታች ስለሆነ፣ ከላይ ላለው ደለል ብዙም ግድ የሚሰጠው አልነበረም። የበረዶ ዘመን ተመራማሪዎች ዓይን ያረፈው ግን እዚያው ላይ ነው።

ያገኙት ግዙፍ ሸለቆዎችን ነው። አንዳንዱ ብዙ አስር ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ በመቶዎች ሜትር ይጠልቃል፣ እስከ አፉ በደለል ተሞልቷል። መጀመሪያ ሲያዩት የድሮ ወንዝ ይመስላል። ግን ወንዝ ሽቅብ አይፈስም። የእነዚህ ወለል ደግሞ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል፣ ከዚያ ድንገት ያልቃል። ምክንያቱ ከላይ የተጫነው የበረዶ ግግር ነው። ከሥሩ የቀለጠው ውኃ በክብደቱ ስለሚጨመቅ ዳገቱንም ይወጣል፤ እየሄደም መሬቱን ይቦረቡራል።

ሸለቆዎቹ አንዱ ሌላውን እየቆረጠ ያልፋል። የቆረጠው ከተቆረጠው በኋላ መምጣቱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ ሰባት የሸለቆ ትውልድ ቆጥሯል፤ እያንዳንዱንም የአንድ የበረዶ ዘመን አሻራ አድርጎ ወስዶታል። ቀድሞ ግን በአካባቢው የሚታወቁት ዋና የበረዶ ዘመናት ሦስት ነበሩ። በ2021 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ የጠራ ምስል ይዞ ሸለቆዎቹ ውስጥ ገባ፤ በረዶው ትቷቸው የሄደ ትናንሽ የአሸዋና የጠጠር ጉብታዎችንም አሳየ።

ድምፅ ቅርጽን እንጂ ዕድሜን አይናገርም። ለዕድሜው ተቆፍሮ ናሙና መውጣት አለበት።

አሁን ተራው የነፋስ ኃይል ሆኗል። ዶገር ባንክ በተባለው ጥልቀት የሌለው ስፍራ ለተርባይን ተከላ የተካሄደው ቅኝት፣ የበረዶው ግፊት እንደ ምንጣፍ ያጣጠፋቸውን የአፈር ንብርብሮች አሳይቷል። አንዱ ምሰሶ ድርቅ ያለ ሸክላ ላይ ሲያርፍ፣ ሌላው ልል አሸዋ ሊገጥመው ይችላል።