ጓንትና ካልሲ የሚያለብሰው ቫይረስ

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ አንድ የሰፈራችን ልጅ በቀደም እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። መዳፉ ቀልቶ አብጧል። ቅላቱ የእጁ አንጓ ጋ ሲደርስ በክር የታሰረ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጠጋ ብዬ ሳየው የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች አሉበት። በጣቴ ጫን ባደርጋቸውም አልጠፉም። እግሩም እንደዚያው ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ያበቃል። አፉ ውስጥ ትንንሽ ቁስል ወጥቶበት ትኩስ ቡና መጠጣት አቅቶታል። መሪ መጨበጥ ስላልቻለ ባጃጇን ለጓደኛው ሰጥቷታል።

ሐኪሙ «የጓንትና ካልሲ ሽፍታ» አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 በዚህ ስም የገለጹት የጄኔቫ ሐኪሞች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ፓርቮቫይረስ ቢ19 ነው፤ በብዛት የሚይዘውም ወጣቶችን ነው። እምብዛም የማይታይ ነገር ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ።

«ምች ነው፣ ዳማከሴ እሸው»

ይህን ያሉት ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ፀሐይ ላይ ውሎ መታው ነው ነገሩ። ፀሐይ ግን ቫይረስ አትፈጥርም። ዳማከሴ ሽታው ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ያበጠና የሚያቃጥል ቆዳ ላይ ማሸት ግን ቆዳውን ይብስ ያስቆጣዋል እንጂ ቫይረሱን አይነካውም።

«አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ የበላው ጥሬ ዓሣ ነው»

አይደለም። ቢ19 የሚተላለፈው በዋናነት በትንፋሽ ነው፤ በሳል፣ በማስነጠስ፣ በምራቅ። ሐይቁም ዓሣውም የሉበትም።

«ፓርቮ? እሱማ የውሻ በሽታ ነው!»

ውሻ ያላቸው ሰዎች ይህን ስም ከክትባት ያውቁታል። የውሻው ፓርቮ ሌላ ነው። ቢ19 የሚይዘው ሰውን ብቻ ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ ነው፤ የቫይረስ ተመራማሪዋ ኢቮን ኮሳርት የለጋሾችን ደም ለሄፓታይተስ ስትመረምር በአጋጣሚ አገኘችው። «ቢ19» የናሙናው መለያ ነበር፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

«አሞክሳሲሊን ይዋጥበት»

አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ጭራሽ መድኃኒቱ ራሱ ሽፍታ ካወጣ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ማሳከክ የሚያስታግስ ኪኒን፣ ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል፤ በቃ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ሲለቅ ቆዳው ሊላጥ ይችላል፣ ያኔ ሌላ በሽታ መጣብኝ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

«ሽፍታው ከወጣ በኋላ አይጋባም»

እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ይኸው ቫይረስ ልጆች ላይ ጉንጭን በጥፊ የተመታ ያህል ያቀላል፤ ልጆቹ ጉንጫቸው ሲቀላ አብዛኛውን ጊዜ የመተላለፊያው ጊዜ አልፏል። የጓንትና ካልሲው ግን እንደዚያ አይደለም። ሽፍታው ወጥቶም ቫይረሱ ገና ደም ውስጥ ሊኖር፣ ሰውየውም ሊያስተላልፍ ይችላል።

ቫይረሱ መቅኒ ውስጥ ቀይ የደም ሴል የሚሠሩትን ሴሎች ያጠቃል፤ ሥራው ለጥቂት ቀናት ይቆማል። ጤነኛ ሰው ቀይ ሴሉ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ጉድለቱ አይታወቀውም። ሲክል ሴል የሚባለው፣ ቀይ ሴሉ ቶሎ የሚሞትበት የዘር በሽታ ያለበት ሰው ግን ደሙ በድንገት ሊያሽቆለቁል ይችላል። የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰውም የደም ማነሱ ሊቆይበት ይችላል። ነፍሰ ጡር ከተያዘች ደግሞ፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በፊት፣ ፅንሱ ላይ ከባድ የደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል። ሁሌ አይደለም፤ ብዙ እናቶች በልጅነታቸው ተይዘው ስለዳኑ መከላከያ አላቸው። ግን ማን እንዳለው በዓይን አይታወቅም።

ልጁን «ሚስትህስ?» አልኩት። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እሱ የተጨነቀው ስለ ባጃጁ የቀን ገቢ ነበር። ለክትትል ሐኪሟ እንድትነግር ያሰበ ሰው አልነበረም።

«ታዲያ በራሱ ከለቀቀ ሐኪም ምን ይሠራል?»

መዳፍና የእግር መርገጫ ላይ ሽፍታ የሚያወጣው ይሄ ብቻ አይደለም። ቂጥኝ ያወጣል፣ መድኃኒት ያወጣል፣ አንዳንድ የተስቦ ዓይነቶችም ያወጣሉ። ሲጫኑት የማይጠፋ ነጠብጣብ ከከባድ ትኩሳት፣ ከራስ ምታትና ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ለነገ የሚባል አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱን ከአልትራሳውንድ ሲመለሱ አገኘኋቸው። «ደህና ነው፣ ግን ለጥቂት ሳምንታት እየተመላለስሽ ታይ ተብያለሁ» አለችኝ። እሱ ጎኗ ቆሞ የመዳፉን ቆዳ ይልጣል። «ተው እንጂ፣ እዚህ መንገድ ላይ!» ብላ እጁን መታችው።